ጸጉር፣ ሰዓትና ውል፦ የክላርክስተን ስደተኛ ልጆች ቡድን

ውሉ አጭር ነው። ወደ ቡድኑ መግባት የሚፈልግ ልጅ ያነበዋል፤ ማንበብ ካልቻለ ይነበብለታል፤ ከዚያ ይፈርማል። አላጨስም። አልጠጣም። ዕፅ አልነካም። ማንንም አላስረግዝም። አልሳደብም። ሰዓት አከብራለሁ። አሠልጣኜ የምትለኝን እሰማለሁ። ጸጉሬ ከአሠልጣኜ ጸጉር ያጠረ ይሆናል። ወረድ ሲል ደግሞ እንዲህ የሚል መስመር አለ፦ እርዳታ እጠይቃለሁ።

ይህን ውል ያዘጋጀችው ሉማ ሙፍሌህ ናት፤ በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን ያደገች፣ በአሜሪካ ጥገኝነት ጠይቃ የተፈቀደላት ሴት። ፈራሚዎቹ ደግሞ ከላይቤሪያ፣ ከሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኮንጎ፣ ከቡሩንዲ፣ ከኢራቅ፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከቦስኒያ፣ ከኮሶቮ፣ ከእኛም አገር ከኢትዮጵያ መጥተው በጆርጂያ ግዛት ክላርክስተን በምትባል ትንሽ ከተማ የሰፈሩ ልጆች ነበሩ። ነገሩ የተጀመረው በ2004 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቡድኑ ስም ፊውጂስ ይባላል፤ «ሬፊውጂስ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ማለትም ስደተኞች ከሚለው፣ መነሻውን ቆርጠው ያስቀሩት ስም ነው።

ስለ ፊውጂስ የሚተርክ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኳሱ ይጀምራል። እኔ ከውሉ የጀመርሁት ኳሱ ሰበብ ብቻ ሆኖ ስለሚታየኝ ነው። ኳስ በየሰፈሩ አለ። በየሰፈሩ የማይገኘው፣ ዘመድ ያልሆነ ትልቅ ሰው አንድን መጤ ልጅ «ከቀረህ ቡድኑ ይጎድላል፤ ከዘገየህ ግን አትጫወትም» ሲለው ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ብቻውን ቢነገር ሽንገላ ይሆናል። ሁለተኛው ብቻውን ቢነገር ደግሞ ልጁ ከትምህርት ቤቱም ከአውቶቡስ ሹፌሩም ሲሰማው የዋለው ቁጣ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚሠሩ ለማየት ክላርክስተን ጥሩ ቦታ ናት፤ ምን እንደሚሰብሩ ለማየትም እንዲሁ።

ከተማዋ

ክላርክስተን ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ አትላንታን ከሚከብበው አውራ ጎዳና ወጣ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ ስፋቷ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ነዋሪዋም ሰባት ሺህ ግድም ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በባቡር ሐዲድ ዳር የተቆረቆረች ስትሆን በፍየሎቿ ትታወቅ ነበር አሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ የስፖርት ቡድኖች እስከ ዛሬ የሚጠሩት አንጎራ በተባለው የፍየል ዝርያ ስም ነው። አገር ቤት ፍየል ሲረባበት ለኖረ ሰው ይህ እንግድነትን ትንሽ ያቀልል ይሆናል።

በ1970ዎቹ የአትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ ሲስፋፋ በክላርክስተን ብዙ አፓርታማ ተሠራ። በቀጣዩ አሥር ዓመት ነጮቹ ተከራዮች ራቅ ወዳሉ አዳዲስ ሰፈሮች እየሄዱ ቤቶቹ ባዶ ቀሩ፤ ኪራዩም ረከሰ። ስደተኞችን የሚያቋቁሙት ድርጅቶች የሚፈልጉት ይኸንኑ ነበር፦ ርካሽ ቤት፣ አውቶቡስና ባቡር በቅርብ፣ ሥራ የሚገኝበት ትልቅ ከተማ በአጠገብ። መጀመሪያ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ገቡ። ከዚያ በዜና የምንሰማው ጦርነት ሁሉ ጥቂት ዓመት ቆይቶ በክላርክስተን አፓርታማዎች ደረጃ ላይ ጫማውን ያወልቅ ጀመር። ከ1996 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብቻ ከ19 ሺህ የሚበልጡ ስደተኞች በጆርጂያ ሰፍረዋል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በክላርክስተንና በዙሪያዋ ነበሩ። የከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሃምሳ በላይ አገሮች የመጡ ተማሪዎች የሚማሩበት ሆነ።

ነባሩን ነዋሪ ማንም አላማከረውም። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለጉዳዩ ፍትሕ መንፈግ ነው። ሰዎቹ ከሌላው አሜሪካዊ የከፉ አልነበሩም፤ ሰፈራቸው በእነሱ ፈቃድ ሳይሆን በሩቅ ባሉ ቢሮዎች ውሳኔ እንደተለወጠ ተሰማቸው። አንዳንዱ ቤቱን ሸጦ ሄደ፣ አንዳንዱ አኮረፈ፣ አንዳንዱም ተላመደ።

ለመጤው ቤተሰብ ደግሞ ሰዓቱ ይቆጥር ነበር። ከማቋቋሚያ ድርጅቱ የሚገኘው ድጋፍ በመደበኛው አሠራር ዘጠና ቀን ነው። ያመጣው የአውሮፕላን ቲኬት እንኳ ብድር ነው፤ እየተቆራረጠ ይከፈላል። ስለዚህ አባት በሌሊት ተነሥቶ ሩቅ ወዳለው የዶሮ ማረጃ ፋብሪካ ይሄዳል። እናት በአትላንታ ሆቴሎች አልጋ ታነጥፋለች። ብዙ ጊዜ አባት የለም፤ እናት ብቻ ናት። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩን በራሱ ቁልፍ ይከፍታል። ማታ እናት ስትገባ የመብራት ክፍያውን ደብዳቤ የሚያነብላትም እሱ ነው።

በውጭ አገር የኖረ ኢትዮጵያዊ ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ልጅ አስተርጓሚ፣ ወላጅ ተማሪ ይሆናል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሐኪሙ ለእናቱ የተናገረውን ይተረጉማል፣ ከአከራይ ጋር ይከራከራል፣ ትምህርት ቤቱ ስለ ራሱ ጥፋት የላከውንም ማስታወሻ እንደፈለገው አለሳልሶ ያነባል። አገር ቤት ልጅ ሲያጠፋ የጎረቤት እናት «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ብላ ጆሮውን ትይዘዋለች። ጥያቄው ቁጣ ቢመስልም መልስ ያለው መሆኑ ራሱ ሀብት ነው። የክላርክስተን አፓርታማ ውስጥ ያን የሚጠይቅ አልነበረም። የሚጠይቁት የሰፈሩ የወሮበላ ቡድኖች ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ የማን እንደሆንህ የሚጠይቁት ለሌላ ጉዳይ ነው።

አሠልጣኟ

ሉማ ያደገችው በአማን በባለጸጋ ቤተሰብ ነው። የተማረችበት የአሜሪካውያን ትምህርት ቤት አንዲት ጥብቅ የመረብ ኳስ አሠልጣኝ ነበረችው፤ ልጆቹ የሚወዷት ዓይነት አልነበረችም፤ ግን ለእሷ ሲሉ ይለፉ ነበር። ሉማ በኋላ ስታሠለጥን የኮረጀችው እሷን ነው። ከሶርያ ተሰደው ወደ ዮርዳኖስ የመጡት ሴት አያቷ ደግሞ በልጅነቷ ወደ ስደተኞች መጠለያ ይዘዋት ሄደው ነበር። ከልጆቹ ጋር አልጫወትም ብላ ብትሸሽና አዘንሁላቸው ብትል፣ አያት ተቆጡ፤ ማዘን ሳይሆን በልጆቹ ማመን እንደሚገባት ነገሯት። ይህን ራሷ በ2017 በአደባባይ ንግግሯ ተርካዋለች።

ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዳ በ1997 ማሳቹሴትስ ከሚገኘው ከስሚዝ ኮሌጅ ተመረቀች። ወደ አገሯ እንደማትመለስ ስታስታውቅ ቤተሰቧ ገንዘቡንም ፊቱንም ነሣት። የሀብታም ልጅ ሳለች በአንድ ጊዜ ዕቃ አጣቢ ሆነች። ወደ አትላንታ አካባቢ መጥታ ዲካተር በሚባለው ከተማ ትንሽ ካፌ ከፈተች፤ በትርፍ ጊዜዋ የሴት ልጆች የእግር ኳስ ቡድን ታሠለጥን ጀመር። በ2004 አንድ ቀን የመካከለኛው ምሥራቅ ሸቀጥ ከሚሸጥበት ሱቅ ልትገዛ ወደ ክላርክስተን ስትነዳ፣ በአንድ አፓርታማ መኪና ማቆሚያ ላይ ድንጋይ ጎል አድርገው፣ አንዳንዱ በባዶ እግሩ፣ ኳስ የሚያባርሩ ልጆች አየች። ቆማ አየቻቸው። ሌላ ቀን ደህና ኳስ ይዛ ተመለሰችና ላጫውታችሁ አለች። ልጆቹ ሴት መሆኗን አይተው ተጠራጠሩ። ኳሱ ግን አዲስ ነበር።

በእንግሊዝኛ፣ በቬትናምኛ፣ በዐረብኛና በፈረንሳይኛ ማስታወቂያ ጽፋ በየአፓርታማው ለጠፈች። የመጡትን መርጣ ቡድን አቋቋመች፤ ዋይ ኤም ሲ ኤ የተባለው የወጣቶች ማኅበር የአካባቢው ቅርንጫፍ የመጀመሪያውን ወጪ ሸፈነ። ካፌዋ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። እኔስ ለካፌው አላዘንሁም።

ማሠልጠን ከሜዳ ውጭ

አሠልጣኝ ልሁን ብላ የመጣችው ሴት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ደብዳቤ አንባቢ፣ የሐኪም ቀጠሮ አስያዥ፣ ከትምህርት ቤት ጋር ተነጋጋሪና ሹፌር ሆነች። ልጅ ለማድረስ ቤት ስትገባ እናት ያልተከፈተ ፖስታ ክምር ታወጣላታለች። ከእናቶቹ ለአንዳንዶቹ ሥራ ለመፍጠር የቤት ጽዳት ድርጅት እስከ መክፈት ደረሰች። ልጆቿ ከቤት እንዳይወጡ ቆልፋ የምታስቀምጥ አንዲት ከላይቤሪያ የመጣች እናት ነበረች፤ ባሏ በጦርነቱ ተገድሎባታል፣ በክላርክስተንም በሥራዋ የመጀመሪያ ሰሞን ማታ ስትመለስ ተዘርፋለች። ልጇ እንዲጫወት የፈቀደችው ሉማ እንደ ራሷ ልጅ እንደምታየው ቃል ስለገባችላት ነው። ይህ ቃል በአማርኛ ብንሰማው «አደራ» ይባላል። የሚከብደውን ያህል የሚከብደውም ለዚህ ነው፦ አደራ የተቀበለ ሰው ልጁ በቀረ ቀን ለምን እንደቀረ የማወቅ ግዴታ አለበት።

በልምምድ ቀን መጀመሪያ ጥናት ነው፤ ኳስ የሚመጣው ከጥናት በኋላ ነው። ጥናት የቀረ አይጫወትም። ያረፈደ ይሮጣል፣ ወይም ተቀምጦ ያያል። ሜዳ ላይ የሚነገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ይህን ሕግ መጀመሪያ ስሰማ ቅር ብሎኝ ነበር፤ የልጅን ቋንቋ ማፈን የውህደት ስም የተሰጠው ጭቆና ሊሆን ይችላልና። ምክንያቱን ሳይ ግን ሐሳቤን ቀየርሁ። ልጆቹ የቤታቸውን ጠብ ይዘው ነበር የመጡት። የአፍጋኒስታንና የኢራቅ ልጆች አፍሪካውያኑን ይንቃሉ፤ የሰሜን አፍሪካው የደቡቡን ይንቃል፤ እያንዳንዱ ለቋንቋው ልጅ ብቻ ያቀብላል። የአብዛኞቹ እናት ቋንቋ ያልሆነው እንግሊዝኛ ለአብዛኞቹ እኩል ባዕድ ነው፤ እኩል ይሰባብሩታል። ለልምምድ ሲከፋፈሉም እያንዳንዱ ቡድን ከተለያየ አገር ልጆች እንዲሆን አድርጋ ትመድባቸው ነበር። ከጨዋታ በፊት ደግሞ ክብ ሠርተው ይጸልያሉ፤ አንድ ክርስቲያን በራሱ፣ አንድ ሙስሊም በራሱ መንገድ።

በጨዋታ ቀን የሚገጥሟቸው ቡድኖች የሀብታም ሰፈር ልጆች ናቸው። እዚያ አንድ ልጅ በዓመት ለቡድን ከሺህ ዶላር በላይ ይከፈልለታል። ወላጆች ተጣጣፊ ወንበር፣ ጥላና በበረዶ የታጨቀ መጠጥ ይዘው መስመሩ ዳር ይሰለፋሉ። በፊውጂስ በኩል ያለው መስመር ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው፤ እናት ሥራ ላይ ናት። ልጆቹ ይህን አያዩም ብሎ የሚያስብ ልጅነቱን ረስቷል።

መናፈሻው

ሜዳ አልነበራቸውም። ከአንድ ሕዝብ ትምህርት ቤት ጀርባ ባለ፣ ሣሩ ባለቀ፣ ጠጠርና ስብርባሪ ጠርሙስ በበዛበት፣ ጎል በሌለው መሬት ላይ ይለማመዱ ነበር። ከተማዋ ግን ሚላም የሚባል መናፈሻ አላት፤ በውስጡ ለቤዝቦል የተሠራ የለመለመ ሜዳ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይጫወትበትም፤ ቤዝቦል የሚጫወቱት ልጆች ከቤተሰቦቻቸው ጋር ከተማዋን ከለቀቁ ቆይተዋል።

በ2006 አጋማሽ ላይ የከተማዋ ከንቲባ ሊ ስዌይኒ እግር ኳስ በመናፈሻው እንዳይካሄድ ከለከሉ። እሳቸው ከንቲባ እስከሆኑ ድረስ ሜዳው ለቤዝቦልና ለአሜሪካውያኑ ፉትቦል ብቻ እንደሚሆን ለአትላንታ ጋዜጣ ተናገሩ። ስለ ሣር የሚመስለው ክርክር ስለ ባለቤትነት ነበር። ባዶ ሜዳን ለመጤ መንፈግ ምን ትርጉም እንዳለው የክላርክስተን ልጆች ሳይነገራቸው ገባቸው። ከንቲባው ክፉ ሰው አልነበሩም ይላሉ የሚያውቋቸው፤ የመረጧቸው የቀድሞዋን ክላርክስተን የሚናፍቁ ነዋሪዎች ነበሩ፤ ናፍቆት ደግሞ ድምፅ ይሰጣል። ነገሩ ከብዙ ንትርክ በኋላ በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ ተፈታና ልጆቹ በመናፈሻው እንዲለማመዱ ተፈቀደ። በኋለኞቹ ዓመታት ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ሰዎች ራሳቸው የዚሁ ምክር ቤት አባል ሆነዋል።

በጥር 2007 ኒው ዮርክ ታይምስ የመናፈሻውን ጠብ በፊት ገጹ አወጣው። ገንዘብ መጣ፤ ናይኪ የስፖርት ዕቃ ሰጠ፤ የፊልም ኩባንያ ታሪኩን ገዛ። ስለዚህ ክፍል ብዙ የምለው የለኝም። ከዚያ የተገኘው ገንዘብ ያመጣው ነገር ግን ይነገራል።

ማንበብ ያልቻለው ልጅ

ሉማ ለተወሰነ ጊዜ ስታሠለጥናቸው ከቆዩት ልጆች መካከል ከነጭራሹ ማንበብ የማይችል እንዳለ ደረሰችበት። ልጁ በየቀኑ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ክፍል ከክፍል ይዛወራል። እንዴት ይሆናል?

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ሕዝብ ትምህርት ቤቶች መጤ ልጅን የሚመድቡት ባብዛኛው በዕድሜው ነው። መጠለያ ውስጥ ተወልዶ ክፍል ገብቶ የማያውቅ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ይገባል። ሒሳቡ በማያውቀው ቋንቋ፣ ታሪኩ በማያውቀው ፊደል ነው። ልጁ ቶሎ አንድ ብልሃት ይማራል፦ ዝም ማለት። የማይረብሽ ልጅ፣ የሚስቅ፣ የሚያከብር ልጅ ሠላሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሳይታይ ማለፍ ይችላል። መምህሩም ጨዋ ነው ብሎ ያሳልፈዋል።

የውሉ መጨረሻ ላይ ያለው መስመር ለምን ከሁሉ እንደሚከብድ እዚህ ላይ ይታያል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስንል እንኖራለን፤ ግን ያደግነው ገመና አይገለጥም እየተባልን ነው፤ ሁለቱ ሲጋጩ የሚያሸንፈው ሁለተኛው ነው። የስደተኛ ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ይህን ያህል ሞት አልፈህ፣ ቤተሰቡ በአንተ ተስፋ አድርጎ፣ ፊደል አልቆጠርሁም ብለህ እንዴት ትናገራለህ? ማጨስን መተው ይቀላል። ጸጉር መቁረጥም ይቀላል፤ ለአብዛኛው ልጅ።

በ2007 ሉማ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ፊውጂስ አካዳሚ። በጥቂት ልጆች ተጀመረ። ተማሪዎቹ ስደተኞች ናቸው፣ በየክፍሉ የሚገቡት ጥቂት ናቸው፣ እግር ኳስ እንደ ሒሳብ ግዴታ ነው፤ ሴት ልጆችም የራሳቸው ቡድን አላቸው። ልጁ የሚመደበው በዕድሜው ሳይሆን በሚያውቀው ልክ ነው፤ ጎረምሳ ሆኖ ከፊደል መጀመር አያሳፍርም፣ ከአጠገቡ ያለውም እንደዚያው ነውና። ጥቂት ተማሪ ባለበት ክፍል ዝምታ መደበቂያ አይሆንም። በ2018 ሁለተኛ ትምህርት ቤት በኦሃዮ ግዛት ኮለምበስ ከተማ ተከፈተ። ኋላ ላይም ድርጅቱ ይህንኑ አሠራር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲወስዱት መሥራት ጀመረ። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ለእኔ ከሁሉ ትልቁ ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ቡድን ትልቁ ድካም በአንድ ሴት ጉልበት መቆሙ ነበር። እሷ ብትታመም ልጆቹን ማን ያደርሳል?

ለእኛ ማኅበረሰብ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ኢትዮጵያውያን በሰሜን አሜሪካ ኳስ የሚያገናኘን መሆኑን ቀድመን ያወቅን ነን፤ የስፖርት ፌዴሬሽናችን በ1984 ተመሥርቶ በየዓመቱ በሐምሌ ሰሞን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሰበስባል። ትልልቆቹ እዚያ አገራቸውን ያገኛሉ። እዚያው ስታዲየም ከወላጅ ጋር የመጣው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ነው የሚታየው። በዓሉ የአባቱ ነው። ሊያየው ተጋብዟል እንጂ ምንም አልተሰጠውም፦ የሚጠበቅበት ሰዓት የለም፣ ከጎደለ የሚጎድል ነገር የለም። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ዕድሩም ለልጆቹ የሚያስቡት «ባህላችንን እንዲያውቁ» በሚል ነው። ማወቅ ጥሩ ነው። ግን ልጅ ቤተኛ የሚሆነው የቤቱን ታሪክ በማወቅ ሳይሆን ውኃ ቅዳ ሲባል ነው።

ቡድኑ የፈረሰ ጊዜ

አሁን ወደ 2006 መከር ልመለስ፤ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ደጋግሜ የማስበው ያን ሰሞን ነው።

ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያለው ቡድን ልጆች የጎረምሳነት ደጃፍ ላይ ነበሩ። አንዳንዶቹ ጸጉራቸውን አሳድገው ሹሩባ ተሠርተዋል። በአሜሪካ ለጥቁር ጎረምሳ ሹሩባ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትምህርት ቤት ውስጥ በአነጋገሩ ስቀው «አፍሪካዊ» እያሉ የሚሰድቡት ልጆች ራሳቸው እንዲህ ነው የሚሠሩት። ጸጉሩን ያሳደገው ልጅ አመጸኛ ስለሆነ ሳይሆን እሱም የሆነ ቦታ ቤተኛ መሆን ስለፈለገ ነው። አሠልጣኟ ያየችው ደግሞ ሌላ ነው፦ የሰፈሩ የወሮበላ ቡድኖች ምልክት፣ ፖሊስ መኪናውን የሚያዘገይበት ምክንያት፣ የፈረሙትን ውል መጣስ። ቁረጡ አለች። እንቢ ያሉ ነበሩ፤ ጓደኞቻቸው ከእነሱ ጋር አበሩ። ልምምድ መቅረት፣ ማርፈድ፣ ማጉረምረም በዛ። በመጨረሻም ሉማ ከባድ ነገር አደረገች፤ የዚያን ወቅት ቡድን በተነች።

እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሰዓትን፣ ስድብን፣ ጥናትን በተመለከተ ጥብቅነቷ ልጆቹን የሚያከብር ነው። የጸጉሩ ሕግ ግን ከልጁ ላይ ሌላ ቦታ ያገኘውን መታወቂያ የሚቀማ ነው፤ በምትኩ የሚሰጠው ማሊያ ይበልጣል ብሎ እንዲያምን ይጠየቃል። አንዳንዱ ያምናል። አንዳንዱ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ተሳስቶም ቢሆን የጓደኞቹን ዓይን ይመርጣል፤ ስህተቱን የሚያስተካክልበት ቡድን ደግሞ ከዚያ በኋላ የለውም። በሌላ በኩል ሕግ ለሚወዱት ሲላላ ሕግ አለመሆኑን እነዚህ ልጆች ከመጡባቸው አገሮች በደንብ ያውቃሉ። ሉማ ይህን አስባ ይሆናል። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ጸጉሩን እተው ነበር፤ ከዚያም ምናልባት ሰዓቱንም አጣው ነበር።

ቡድኑ ሲበተን ብዙዎቹ ልጆች ዝም አሉ። አንድ ከላይቤሪያ የመጣ ልጅ ግን ዝም አላለም። ከመጀመሪያዎቹ ጀምሮ ከነበሩት አንዱ ነበር፤ ለእሱ ቡድኑ ቤተሰብ ነበር። ወደ አሠልጣኟ ሄዶ ሌላ ዕድል እንድትሰጥ ለመናት። እርዳታ እጠይቃለሁ የሚለውን መስመር ከፈራሚዎቹ ሁሉ ቃል በቃል የፈጸመው እሱ ይመስለኛል። እሷም ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች፦ ሕጉ ያው ነው፤ ውሉን የሚቀበሉ ልጆች ሰብስብና እናያለን።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። ይህ ልጅ ግን ከአንድ ኢትዮጵያዊ የቡድን ጓደኛው ጋር ሆኖ ስልክ ይደውል፣ በየአፓርታማው ይዞር ጀመር። ከቀድሞው ቡድን ያመኑባቸውን ጠሩ፤ ያልበቃቸውን ኳስ ይችላሉ ከተባሉ አዲስ ልጆች ሞሉ። ሕጉን የማስረዳት ሥራ ከአሠልጣኟ እጅ ወጥቶ የእነሱ ሆነ፤ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ጥናቱ፣ ስለ ጸጉሩ እያንዳንዱን አስቀድመው መንገር ነበረባቸው። እስከዚያ ድረስ ውሉ የእሷ ነበር።

ሙከራ ተደረገ፤ አዲሱ ቡድን ተቋቋመ፤ ወቅቱ ሳያልቅ ወደ ሜዳ ተመለሰ። አንድ ላይ ተጫውተው የማያውቁ ልጆች ስለነበሩ ጨዋታው ቀላል አልሆነላቸውም። ጸጉራችንን አንቆርጥም ካሉት መካከል ሳይመለሱ የቀሩ አሉ።